ዝቅ ያለች መኪና፣ የተፋቀ ፓራውልት፦ ልተወው፣ ላስቀባው ወይስ ልቀይረው?

ዝቅ ያለች መኪና የሚነዳ ሰው ያን ድምፅ ያውቀዋል። ክርርር! ፍጥነት መግቻ ላይ፣ የግቢ በር ላይ፣ ቦሌ አካባቢ ባሉ ሕንፃዎች ምድር ቤት መውረጃው አልቆ ወለሉ ሲጀምር። ወርዶ ማየት ያስጠላል። ካዩ በኋላ ደግሞ ጥያቄው ይመጣል። ልተወው? ሰፈር ጋራዥ ላስቀባው? ወይስ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ገበያው ጋ፣ ሄጄ ሌላ ልፈልግ?

ብዙ ሰው የሚወስነው የጭረቱን ትልቅነት አይቶ ነው። እኔ ግን ቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ይሄ ቦታ መቼ ደግሞ ይፋቃል? ዝቅ ያለች መኪና አንዴ ተፍቃ አታበቃም። ጭረቱ የፓራውልቱ የታችኛው ከንፈር ላይ ከሆነ፣ የቱንም ያህል አሳምራችሁ ብታስቀቡት ያው መግቻ፣ ያው የግቢ በር ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ለታችኛው ክፍል ርካሽና በየጊዜው ቢደገም የማያስቆጭ ነገር ይበቃዋል። ገንዘቡ መውጣት ያለበት ፊት ለፊት ለሚታየው ክፍል ነው።

መጀመሪያ ተንበርክካችሁ እዩ

ላቫጆ ውሰዷት፣ ካልሆነም በሳሙናና በውኃ ራሳችሁ እጠቡት። ብዙ ጊዜ ጭረት መስሎ የሚያስደነግጠው የመግቻው ቢጫ ቀለም ወይም የመንገዱ ጠርዝ ሲሚንቶ ነው። ተለጥፎ ነው እንጂ የመኪናው ቀለም አልተነሳም። ሲደርቅ ጥፍራችሁን ጭረቱን አቋርጣችሁ ሳቡት። ጥፍራችሁን ካልያዘው ጉዳቱ ላይኛው ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚነፋው አንጸባራቂ ሽፋን) ላይ ነው። ከያዘው ወርዷል ማለት ነው። ጭጋግ የመሰለ ንጣት ብቻ ካያችሁ ክሊሩ ነው። ግራጫ ሥር ከታየ ፕራይመሩ (ከቀለሙ ሥር ያለው መነሻ ቅብ) ላይ ደርሷል። ጥቁር፣ ሸካራ፣ ጸጉር የመሰለ ነገር ያወጣ ከሆነ ደግሞ ፕላስቲኩ ራሱ ነው የተፋቀው።

አሁን ካርቶን አንጥፉና ከሥር ተመልከቱ። የሥር መሸፈኛው ተንጠልጥሏል? ክሊፖቹ አሉ? ፓራውልቱ ከፓራፋንጎው ጋር የሚገጥምበት ክፍተት በቀኝም በግራም እኩል ነው? አንዱ ጎን ከሰፋ ውስጥ ያለው መያዣ ለቋል። መያዣ የለቀቀ ፓራውልት ጣት፣ ሁለት ጣት ያህል ይወርዳል። ዝቅ ያለችው መኪና የባሰ ዝቅ ትልና ድሮ የምታልፈው መግቻ ላይ ሁሉ መፋቅ ትጀምራለች። እንዲህ ያለች መኪና ቀለም ቀቢ ጋ ሄዳ ምን ትሠራለች? የሚያስፈልጋት ክሊፕና ብሎን ነው። ዋጋውም ከቀለም ጋር አይወዳደርም።

መሬት ላይ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ፈሳሽ ጠብ ካለ የራዲያተር ውኃ ነው። ጭረቱን እርሱትና መካኒክ ጋ ሂዱ።

መተውም አንድ ምርጫ ነው

ይሄን ማንም አይመክራችሁም። ከመተው የሚያተርፍ ጋራዥ የለማ።

በር ወይም ፓራፋንጎ ላይ ቢሆን ኖሮ ዝገት ያስፈራል። ላሜራ ነው፣ ቀለሙ ሲነሳ ይዝጋል። የዛሬ መኪና ፓራውልት ግን ፕላስቲክ ነው። ለዓመታት እንደተፋቀ ቢቆይ አይዝግም። (ሰማያዊዎቹ የላዳ ታክሲዎች ፓራውልታቸው ብረት ነበር። ጠርዝ ሲነኩ የሚጎዳው ጠርዙ ነበር የሚሉ አሉ።) ስለዚህ ጭረቱ ከከንፈሩ ሥር ከሆነ፣ ቆማችሁ ስታዩት ካልታየ፣ ካልተሰነጠቀና ካልላላ ተዉት። የተንጠለጠለውን የፕላስቲክ ጸጉር በምላጭ ቆርጣችሁ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ብታለሰልሱት ይበቃል።

መኪናዋን ልትሸጡ ካሰባችሁ ደግሞ ሁለቴ አስቡ። እኛ አገር ማስታወቂያው ሁሉ «ሙሉ የፋብሪካ ቀለም» ነው የሚለው። ትንሽ የታች ጭረት ያያት ገዢ ምን እንደሆነ ይገባዋል። አዲስ የተቀባ ፓራውልት ያየ ገዢ ግን ግጭት ነበራት ብሎ ይጠረጥራል። ደላላውም ከዋጋው ላይ መቁረጫ አገኘ።

አንዳንድ መኪኖች ታችኛው ክፍላቸው ከመጀመሪያውም ቀለም የለውም፣ ጥቁር ሸካራ ፕላስቲክ ነው። እሱን በብርጭቆ ወረቀት አትንኩት። ሸካራነቱ አንዴ ከጠፋ አይመለስም።

ኮምፓውንድ፦ ጥፍር ካልያዘው

ጥፍር የማይዘው ጭረት በኮምፓውንድ (ክሊሩን በስሱ የሚያሽ ክሬም) እና በፖሊሽ ይጠፋል። ለስላሳ ጨርቅ፣ ጥቂት ኮምፓውንድ፣ ትዕግሥት። የተለጠፈውም የመግቻ ቀለም በዚሁ ይነሳል። ትንሽ ጠለቅ ካለ በ2000፣ ከዚያ በ3000 ቁጥር የውኃ ብርጭቆ ወረቀት እያራሳችሁ ቀስ ብላችሁ አሽታችሁ ኮምፓውንዱን ማስከተል ነው። የጥርስ ሳሙናም ለቀጫጭን ጭረቶች ይሠራል፣ ሐሰት አይደለም። ግን ከፀጉር ለበለጠ ጭረት ጊዜ ማባከን ነው።

ልብ በሉ፣ ክሊሩ በጣም ስስ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው። አንድ የፎቶ ኮፒ ወረቀት 100 ማይክሮን ያህል ይወፍራል። በየወሩ እያሻችሁ አትዘልቁትም። ማሽን የያዘ ልጅ ፓራውልቱ እጥፋት ላይ ትንሽ ቆየት ካለ ደግሞ ቀለሙን ያነሳዋል። እጥፋቱን በእጅ እንዲያሸው ንገሩት።

በራስ እጅ ስፕሬይ

ሰው የሚደፍረው ግን የሚሳሳትበት ይሄ ነው። ችግሩ እጅ ሳይሆን ፕላስቲኩ ነው። አብዛኛው ፓራውልት ፖሊፕሮፒሊን ነው። ጀርባውን ብታዩ በሁለት ቀስት መካከል ፒፒ (PP) ወይም ፒፒ ከኢፒዲኤም ጋር (PP+EPDM፣ ጎማ የተቀላቀለበት) የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ ምንም ነገር እንዲጣበቅበት አይወድም። በርሱ ላይ በቀጥታ የተነፋ ቀለም ለሳምንታት አምሮ ይከርምና ላቫጆ ላይ የግፊት ውኃው ሲያገኘው ልጣጭ ሆኖ ይነሳል። ፕላስቲኩ ተገልጦ ከታየ መጀመሪያ የፕላስቲክ ፕራይመር የሚባለውን ማጣበቂያ መንፋት ግድ ነው። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» የሚል ቆርቆሮ ቢሰጣችሁ ላዩ ላይ ለፕላስቲክ የሚል መኖሩን አንብቡ።

ሁለተኛው የቀለም ቁጥር ነው። «ነጭ ቶዮታ» የሚባል ቀለም የለም። ቶዮታ ላይ ኮፈኑ ሥር ወይም የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ባለው ሰሌዳ ተጽፏል። 040 ከሆነ ተራ ነጭ ነው፣ ዕድለኛ ናችሁ። ለማመሳሰል ከዚህ የሚቀል የለም። 1ኤፍ7 ብርማ ሜታሊክ ነው። ሜታሊክ ውስጥ ያለው ብልጭልጭ እንደ አነፋፉ ርቀትና ማዕዘን ቀለሙን ይለውጠዋል፤ በቆርቆሮ ስትነፉት ጠቆር ወይም ነጣ ብሎ ፀሐይ ላይ ያጋልጣችኋል። 070 ፐርል ነው። ነጭ ሥር፣ በላዩ ፐርል፣ በላዩ ክሊር ይፈልጋል። 070ን በቆርቆሮ አትሞክሩት።

ከሞከራችሁ ጊዜ ምረጡ። ክረምት ላይ እርጥብ አየር ክሊሩን ያነጣዋል፣ በበጋ ነፋስ ደግሞ አቧራው ይለጠፍበታል። ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ስስ ስስ አድርጋችሁ እየደረደራችሁ ንፉ። አንዴ ወፍራም ከነፋችሁ ይፈስሳል። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ክሊር ከገዛችሁ የቀለም ቀቢ ጭምብል አድርጉ። ውስጡ ያለው አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አስም ያመጣል። የኮቪድ ማስክ ለዚህ አይሆንም።

እንግዲህ በራስ እጅ ስፕሬይ የሚያዋጣው ለታችኛው ከንፈር፣ ለተራ ነጭ ወይም ለጥቁር መኪና ነው። ዓይን የማይደርስበት ቦታ ነው። በዓመቱ ብትደግሙትም አያስቆጭም። ፊት ለፊት ታርጋው አጠገብ ከሆነ ግን እጃችሁን ሰብስቡ።

የሰፈር ጋራዥ ወይስ ኦቨን ያለው?

የሰፈር ጋራዥ ችግር ልጆቹ ሥራ አለመቻላቸው አይደለም። ከላሜራ ጋር የለመዱትን ፕላስቲክ ላይ መድገማቸው ነው። ስቱኮ (ጎድጓዳ የሚሞላ ሊጥ መሰል መሙያ) ከማጠንከሪያ ጋር ካርቶን ላይ ቀላቅሎ፣ ለቅልቆ፣ አሽቶ፣ ቀለም መንፋት። በር ላይ ይሄ ለዓመታት ይቆያል። ፓራውልት ላይ ግን ፕላስቲኩ ይተጣጠፋል፣ ተራው ስቱኮ አይተጣጠፍም።

ከአንድ እንዲህ ከተሠራ ፓራውልት ላይ የወደቀ ልጣጭ ብታነሱ ሁሉን ታዩታላችሁ። ፊቱ ቀለም፣ መሀሉ ሮዝ ወይም ክሬም የመሰለ ስቱኮ፣ አንዳንዴ ሦስት አራት ሚሊ ሜትር የሚሆን። ገልብጡት። ጀርባው እንደ መስታወት ልሙጥ ነው። አንድም የብርጭቆ ወረቀት ፋቂታ የለበትም። ፕላስቲኩ ሳይሻ፣ ማጣበቂያ ሳይነፋ ነው የተለቀለቀው። የመጀመሪያው መግቻ ነክቶት ሙሉውን አነሳው።

ስለዚህ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ጠይቁ። ስቱኮው ለፕላስቲክ የሚሆን፣ የሚተጣጠፍ ነው? ፓራውልቱን ታወርዱታላችሁ ወይስ ወረቀት ለጥፋችሁ ነው የምትቀቡት? ካልወረደ መብራቱ ጠርዝና ፍርግርጉ ላይ ቀለም ይረጫል፣ ጥጉም ሳይቀባ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ቀለሙን በዓይን ነው የምትቀላቅሉት ወይስ ቁጥሩ ተወስዶ በኮምፒውተር? በዓይን ቀላቅሎ የሚያመሳስል ባለሙያ አለ። ግን ሥራውን ጥላ ሥር ሳይሆን ፀሐይ ላይ አይታችሁ ተረከቡ።

ቦታውን ብቻ ወይስ ሙሉውን? ተራ ነጭ ከሆነና ጭረቱ ጥግ ላይ ከሆነ ቦታውን ብቻ ማስቀባት ያስኬዳል። ሜታሊክና ፐርል ከሆነ ሙሉ ፓራውልቱን አስቀቡት። መሀል ላይ የተቋረጠ ቀለም ያስታውቃል፣ ፓራውልትና ፓራፋንጎ መካከል ያለ ትንሽ ልዩነት ግን ዓይን ይለምደዋል። ከፋብሪካም ሲወጣ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ቁርጥ አንድ አይደሉም፣ ለየብቻ ስለሚቀቡ።

ኦቨን፣ ማለትም ዝግ የቀለም መንፊያና ማሞቂያ ክፍል፣ ያለው ጋራዥ ዋጋው ይወደዳል። ጥቅሙ ሁለት ነው። አቧራ የለም። ቀለሙም 60 ዲግሪ አካባቢ ተሞቆ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይጠነክራል። መኪናዋ አዲስ ከሆነች፣ ቀለሟ ፐርል ከሆነ ወይም ጭረቱ ዓይን የሚገባ ቦታ ላይ ከሆነ ልዩነቱን ክፈሉ። ለታች ከንፈር ለብቻው ኦቨን ቤት መሄድ ግን ገንዘብ መበተን ነው።

የትም ብታስቀቡ ለጥቂት ሳምንት የላቫጆ ግፊት ውኃና ሰም አታስነኩት።

ከተሰነጠቀ ወይም ከጎበጠ

ገብቶ የጎበጠ ግን ያልተሰነጠቀ ፓራውልት በሙቅ ውኃ ይመለሳል። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለዚህ ግን በቂ ነው። አፍስሱበትና ከውስጥ በእጅ ግፉት። ጓንት አድርጉ። ጭረቱ ግን በዚህ አይጠፋም።

ስንጥቅ ሌላ ነገር ነው። ስቱኮ ለቅልቆ መቀባት ለሁለት ሳምንት መደበቅ ነው። ሱፐር ግሉም ፋይበርም ፖሊፕሮፒሊን ላይ አይይዙም። ትክክለኛው የፕላስቲክ ብየዳ ነው። ስንጥቁን ከጀርባ በኩል አቅልጦ፣ የሽቦ ወንፊት አስጠልቆ፣ ከሌላ ፒፒ ፓራውልት የተቆረጠ ቁራጭ ጨምሮ መሙላት። ባለሙያው ቁራጩን ከየት እንዳመጣው ብትጠይቁት አይከፋም። የተለያየ ፕላስቲክ አብሮ አይዋሐድም። ስንጥቁ ከእጅ መዳፍ የሚያንስ ከሆነ ብየዳ ከመቀየር ይሻላል። መያዣ ጆሮዎቹ ሁሉ ካለቁ ግን ለብየዳም ለቀለምም ሁለቴ ከመክፈል ሌላ መፈለግ ይቀላል።

ሌላ መግዛት

ለቪትዝ፣ ለያሪስ፣ ለኮሮላ ዕቃ ሞልቷል። ሶማሌ ተራ ከሄዳችሁ ምርጫው ያገለገለ ኦሪጅናል ወይም አዲስ ኮፒ ነው። እኔ ያገለገለውን ኦሪጅናል እመርጣለሁ። ኮፒው ያብለጨልጫል፣ ግን ብዙ ጊዜ አልገጥም ብሎ ባለሙያው በብሎን ያስገድደዋል። ክፍተቱ አንዱ ጋ ሰፍቶ አንዱ ጋ ይጠባል። ቀለምም አብሮት አይመጣም፤ የኮፒውን ዋጋ ስትሰሙ የቅቡን ደምሩበት።

ያገለገለውን ስትገዙ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን እዩ። ጆሮዎቹ ሙሉ ናቸው? የተበየደ ወይም በሽቦ የተሰፋ አለ? ቀስ አድርጋችሁ እጠፉት። ጠቅ ካለ ስቱኮ ተሸክሟል። የአንድ ስም መኪና ዓመቱ ሲለያይ ፓራውልቱም ይለያያል። የጭጋግ መብራት ቀዳዳው ራሱ አይገጥምም። የአሮጌውን ፎቶ በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ የሚሻለው ግን አሮጌውን ራሱን ይዞ መሄድ ነው። በተመሳሳይ ቀለም ካገኛችሁ ዋጋው ትንሽ ቢወደድም ውሰዱት፣ የቀለም ወጪ ድናችኋል።

የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነች

በ2024 መጀመሪያ ላይ መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ከተማው በቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች ተሞልቷል። ለነሱ ስሌቱ ይለያል። ፓራውልቱ ላይ የፓርኪንግ ሴንሰር፣ አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ከጀርባው ራዳር አለ። ሴንሰር ላይ ወፍራም ቀለም ከተነፋ በባዶ ሜዳ ይጮኻል። ራዳሩ ፊት ስቱኮ ከተለቀለቀ ደግሞ ማየቱ ይበላሻል። ሰፈር ጋራዥ ከወሰዳችሁ ሴንሰሮቹ ወጥተው እንዲቀመጡ አድርጉ። ያገለገለ ፓራውልት ለነዚህ እንደ ቪትዝ በቀላሉ አይገኝም፤ ስለዚህ መጠገን ብዙ ጊዜ ከመቀየር ይቀድማል።

ኢንሹራንስስ?

የሦስተኛ ወገን ብቻ ካላችሁ የራሳችሁን ፓራውልት አይሸፍንም። ሙሉ ኢንሹራንስ ካላችሁም ውላችሁ ላይ ያለውን ተቀናሽ አንብቡ፣ ማለትም ከኪሳችሁ የምትሸፍኑትን። ለታች ጭረት የጥገናው ዋጋ ብዙ ጊዜ ከሱ አይበልጥም። ካሳ ባለመጠየቃችሁ የምታገኙት የዓመት ቅናሽም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ኢንሹራንሱን ፓራውልት፣ መብራትና ራዲያተር አንድ ላይ ለሄዱበት ቀን አቆዩት።

እንዳይደገም

ከፓራውልቱ ሥር የሚለጠፍ የጎማ ከንፈር በየመለዋወጫ ሱቁ አለ። መጀመሪያ የሚፋቀው እሱ ይሆናል፣ ሲያልቅም ይቀየራል። አንድ ነገር ግን አለው፤ መኪናዋን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ተጨማሪ ዝቅ ያደርጋታል። ስለዚህ ድሮ የማይነካችሁ መግቻ ሊነካችሁ ይችላል፤ የሚነካው ግን ጎማው ነው። እኔ እቀበለዋለሁ። ዋናው ቁም ነገር በቴፕ ብቻ አለማስለጠፍ ነው። ሥሩ በብሎን ካልተያዘ የመጀመሪያው ኮብልስቶን ላይ ይቀራል።

ነዳጁም ሞልቶ አራት ሰውም ተጭኖ የግቢ በር በቀጥታ አትግቡ። ሰያፍ አድርጋችሁ፣ አንዱን የፊት ጎማ አስቀድማችሁ ግቡ። የምድር ቤት መውረጃ ላይ ግን ሰያፍ ለመግባት ቦታ የለም፤ እዚያ መፍትሔው ቀስ ማለት ነው፣ ፍሬን ሳትይዙ። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋ ይደፋል፣ ያቺ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ናት የምታስፍቀው።

ባለፈው ዓመት በደህና የምታልፉበት መግቻ ዘንድሮ የሚፍቃችሁ ከሆነ ደግሞ ክሊፑም ደህና ከሆነ ሞላው ደክሟል ማለት ነው። ከፊት ጎማው እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በሁለቱም ጎን በሜትር ለኩት። አንዱ ከሌላው ካነሰ፣ ወይም ሁለቱም ከጎረቤታችሁ ተመሳሳይ መኪና ካነሱ፣ ለቀለም ያሰባችሁትን ብር መጀመሪያ ሞላው ላይ አውሉት።